የኤኤስ ቁጥር አለመጣጣም፦ በአጎራባች ራውተሮች መካከል የሚፈጠር የቢጂፒ ግንኙነት ችግርና አፈታቱ

መግቢያ

ከአንድ በላይ የኢንተርኔት መስመር የሚጠቀሙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢዎች ኔትዎርካቸውን ከሌሎች ኔትዎርኮች ጋር የሚያገናኙት በአብዛኛው ቢጂፒ በተባለው ፕሮቶኮል አማካይነት ነው። በዚህ ፕሮቶኮል ሁለት ራውተሮች የመንገድ መረጃ መለዋወጥ ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዳቸው የሚገኙበትን ኔትዎርክ መለያ ቁጥር ያሳውቃሉ። አንደኛው ያሳወቀው ቁጥር ሌላኛው አስቀድሞ ከያዘው ቁጥር ጋር ካልተስማማ ግንኙነቱ አይመሠረትም። ይህ ሁኔታ የኤኤስ ቁጥር አለመጣጣም ተብሎ ይታወቃል።

ችግሩ የአንድ ቁጥር ስህተት ብቻ ቢሆንም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በተለይ በመጠባበቂያ መስመር ላይ ሲከሰት ዋናው መስመር እስኪቋረጥ ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። መስመሩ ተዘርግቶ፣ የመሣሪያው መብራት እየበራ፣ ወርሃዊ ክፍያውም እየተከፈለ፣ የቢጂፒ ግንኙነቱ ግን አንድም ቀን ሳይመሠረት የሚቀርበት አጋጣሚ አለ። ተቋሙ ይህን የሚያውቀው መስመሩን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ይሆናል።

ይህ መረጃ የራሳቸውን ኔትዎርክ ለሚያስተዳድሩ ተቋማት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ችግሩ እንዴት እንደሚለይ፣ ማስተካከያው በየትኛው ወገን መደረግ እንዳለበትና ለአገልግሎት አቅራቢ የሚቀርብ ጥያቄ ምን መያዝ እንዳለበት ያስረዳል። መሠረታዊው መርሕ የሚከተለው ነው፦ ትክክለኛው ቁጥር የሚታወቀው ከምዝገባ ሰነድና ከጽሑፍ ስምምነት ነው፤ ራውተሩ ስላሳየ ብቻ ወይም በግምት ቁጥር መቀየር አይገባም።

የኤኤስ ቁጥር ምንድን ነው?

ኤኤስ በአንድ አስተዳደር ሥር የሚገኝና ለውጭው ዓለም አንድ ወጥ የመንገድ ፖሊሲ የሚያሳይ የኔትዎርኮች ስብስብ ነው። በአማርኛ ራስ ገዝ ሥርዓት ሊባል ይችላል። እያንዳንዱ ራስ ገዝ ሥርዓት የሚለይበት ቁጥር የኤኤስ ቁጥር ይባላል። ለምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም በዓለም አቀፉ የመንገድ ሥርዓት ውስጥ በ24757 ይታወቃል።

በአፍሪካ የኤኤስ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ የሚመድበው መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ነው። አፍሪኒክ በዓለም ካሉት አምስት አህጉራዊ መዝጋቢ ድርጅቶች አንዱ ነው። የተመደበ ቁጥር በስሙ የተመዘገበው ማን እንደሆነ ሁይዝ በተባለው ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ማንም ሰው ሊያረጋግጥ ይችላል።

የኤኤስ ቁጥሮች በአገልግሎታቸው እንደሚከተለው ይከፈላሉ፦

• መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋሉት ቁጥሮች ባለ 16 ቢት ሲሆኑ ከ0 እስከ 65535 ይደርሳሉ። ቁጥሮቹ እያነሱ በመምጣታቸው ባለ 32 ቢት ቁጥሮች ተጨምረዋል፤ እነዚህም እስከ 4294967295 ይደርሳሉ።
• ከ64512 እስከ 65534 እና ከ4200000000 እስከ 4294967294 ያሉት ለውስጥ አገልግሎት የተተዉ የግል ቁጥሮች ናቸው። በዓለም አቀፉ ኢንተርኔት ላይ መታየት የለባቸውም።
• ከ64496 እስከ 64511 እና ከ65536 እስከ 65551 ያሉት ለማስተማሪያና ለሰነድ ምሳሌነት ብቻ የተመደቡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ምሳሌዎች የገቡት የአቅራቢዎችና የተቋማት ቁጥሮች በአብዛኛው ከእነዚህ የተወሰዱ ናቸው።
• 23456 ለማንም ተቋም የማይሰጥ ልዩ ቁጥር ነው። ባለ 32 ቢት ቁጥር ማንበብ ለማይችል አሮጌ መሣሪያ በምትክነት ይታያል።

ቁጥሩ የሚመረመረው መቼ ነው?

የቢጂፒ አራተኛው ስሪት አርኤፍሲ 4271 በተባለው የ2006 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሰነድ ተደንግጓል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ሁለት ራውተሮች በመጀመሪያ በቲሲፒ ወደብ 179 ይገናኛሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ኦፕን የተባለውን የመክፈቻ መልእክት ይልካል። መልእክቱ የፕሮቶኮሉን ስሪት፣ የላኪውን የኤኤስ ቁጥር፣ የመጠበቂያ ጊዜንና የራውተሩን መለያ ይይዛል።

ተቀባዩ ራውተር በመልእክቱ ውስጥ ያገኘውን የኤኤስ ቁጥር ባለሙያው በኮንፊግሬሽን ካስገባለት የጎረቤት ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱ ከተስማሙ ሂደቱ ይቀጥላል። ካልተስማሙ ራውተሩ ኖቲፊኬሽን የተባለ የስህተት መልእክት ልኮ ግንኙነቱን ይዘጋል። የስህተቱ መለያ ዋና ኮድ 2፣ ንዑስ ኮድ 2 ነው፤ በመሣሪያዎች ላይ 2/2 ተብሎ ይታያል። ትርጉሙም «የጎረቤቱ የኤኤስ ቁጥር የተሳሳተ ነው» ማለት ነው።

ስለሆነም በእያንዳንዱ ግንኙነት ውስጥ መስማማት ያለባቸው ቁጥሮች አራት ናቸው፦ የመጀመሪያው ወገን የራሱ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ወገን ስለ ጎረቤቱ የያዘው ቁጥር፣ የሁለተኛው ወገን የራሱ ቁጥርና ሁለተኛው ወገን ስለ ጎረቤቱ የያዘው ቁጥር። ከአራቱ አንዱ እንኳን ከተሳሳተ ግንኙነቱ አይቆምም። አንድ ባለሙያ በራሱ መሣሪያ ላይ ሊያያቸው የሚችለው ሁለቱን ብቻ በመሆኑ ችግሩን ያለ ሌላኛው ወገን ትብብር መፍታት አስቸጋሪ ነው።

የችግሩ ምልክቶች

የሚከተሉት ምልክቶች በአንድነት ሲታዩ የኤኤስ ቁጥር አለመጣጣም መኖሩ ይገመታል፦

1. የጎረቤቱ የአይፒ አድራሻ በፒንግ ሲሞከር መልስ ይሰጣል፤ የቲሲፒ ወደብ 179 ግንኙነትም ይከፈታል፤ ይሁን እንጂ ወዲያው ይዘጋል።
2. የቢጂፒ ሁኔታ «አይድል» እና «አክቲቭ» በሚሉት መካከል ይመላለሳል፤ «ኢስታብሊሽድ» የሚለው ደረጃ ላይ ግን አይደርስም።
3. ሎግ ተብሎ በሚታወቀው የክስተት መዝገብ ላይ የ2/2 ስህተት በተደጋጋሚ ይመዘገባል። በሲስኮ መሣሪያዎች «ፒር ኢን ሮንግ ኤኤስ»፣ በጁኒፐር መሣሪያዎች ደግሞ «ባድ ፒር ኤኤስ» የሚል ሐረግ አብሮ ይወጣል።

«አክቲቭ» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያሳስታል። ቃሉ ግንኙነቱ እየሠራ መሆኑን አያመለክትም፤ ራውተሩ ጎረቤቱን ለማግኘት ገና እየሞከረ መሆኑን ብቻ ይገልጻል። ሥራ መጀመሩን የሚያረጋግጠው «ኢስታብሊሽድ» የሚለው ደረጃ ብቻ ነው።

ከተመሳሳይ ችግሮች መለየት

ግንኙነት ያልተመሠረተበት ምክንያት ሁሉ የኤኤስ ቁጥር አይደለም። የቲሲፒ ግንኙነቱ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ ምክንያቱ የተሳሳተ አድራሻ፣ በፋየርዎል የተዘጋ ወደብ ወይም በሁለቱ ወገን ያልተስማማ የይለፍ ቃል ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች የመክፈቻ መልእክቱ ስለማይደርስ የ2/2 ስህተት አይታይም።

የስህተት መልእክት ደርሶ ኮዱ የተለየ ከሆነም ምክንያቱ ሌላ ነው። 2/1 የፕሮቶኮል ስሪት አለመስማማትን፣ 2/3 ተቀባይነት የሌለውን የራውተር መለያ፣ 2/6 ደግሞ ተቀባይነት ያላገኘ የመጠበቂያ ጊዜን ያመለክታል። ዋና ኮድ 4 ከታየ ግንኙነቱ ተመሥርቶ ከቆየ በኋላ ከጎረቤቱ መልእክት ባለመምጣቱ ተቋርጧል ማለት ነው። በመሆኑም ማንኛውም ማስተካከያ ከመደረጉ በፊት ኮዱን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

ዋና ዋና መንስኤዎች

የአጻጻፍ ስህተት። ቁጥሩ ሲገባ አኃዝ መዝለል ወይም ማፈራረቅ በጣም የተለመደ ነው። 64501 ለማለት 64510 መጻፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። ባለ 32 ቢት ቁጥሮች እስከ አሥር አኃዝ ስለሚደርሱ ስህተቱ በእነሱ ላይ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል።

ከሌላ ጎረቤት የተቀዳ ኮንፊግሬሽን። አዲስ መስመር ሲዘረጋ የነባሩ ጎረቤት ኮንፊግሬሽን ተቀድቶ አድራሻው ብቻ ይቀየርና የኤኤስ ቁጥሩ የቀድሞው እንደሆነ ይቀራል። ቁጥሩ ለብዙ ጎረቤቶች በጋራ ከተዘጋጀ ቡድን የተወረሰ ሲሆንም ተመሳሳይ ስህተት ይፈጠራል።

ከግል ቁጥር ወደ ተመዘገበ ቁጥር መሸጋገር። አንድ ተቋም በአንድ አቅራቢ ብቻ ሲገለገል አቅራቢው የግል ቁጥር ይሰጠዋል። ተቋሙ ሁለተኛ አቅራቢ ሲጨምር የራሱን ቁጥር ከአፍሪኒክ ያስመዘግባል። ለውጡ ለነባሩ አቅራቢ በወቅቱ ካልተነገረ ነባሩ መስመር ይቋረጣል። በኢትዮጵያ ከ2022 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር አገልግሎት መስጠት በመጀመሩ ይህ ሁኔታ ሁለት መስመር ለሚፈልጉ ተቋማት ትኩረት የሚሻ ሆኗል።

የተቋማት ውሕደት። ሁለት ተቋማት ሲዋሐዱ ወይም አንዱ የሌላውን ኔትዎርክ ሲረከብ የኤኤስ ቁጥሩ ይቀየራል። ለውጡ ያልደረሳቸው ጎረቤቶች አሮጌውን ቁጥር መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ።

የባለ 32 ቢት ቁጥር አጻጻፍ ልዩነት። እነዚህ ቁጥሮች በሁለት መንገድ ይጻፋሉ፦ በሙሉ ቁጥር ወይም በነጥብ ተከፍለው። ለምሳሌ 65540 እና 1.4 አንድ ቁጥር ናቸው፤ ከነጥቡ በፊት ያለው በ65536 ተባዝቶ ከነጥቡ በኋላ ያለው ይደመርበታል። ይህን ያላገናዘበ ባለሙያ 1.4 የሚለውን 14 ብሎ ሊያስገባ ይችላል።

የ23456 አላግባብ መጠቀም። ባለ 32 ቢት ቁጥር የማያነብ አሮጌ ራውተር የጎረቤቱን ቁጥር የሚያየው 23456 ሆኖ ስለሆነ በእሱ ላይ የጎረቤቱ ቁጥር 23456 ተብሎ ይገባል። ዘመናዊ ራውተር ግን እውነተኛውን ቁጥር ስለሚያነብ እውነተኛው ቁጥር ሊገባበት ይገባል። አሮጌው ራውተር በአዲስ ሲተካ 23456 ሳይቀየር ከቀረ አለመጣጣም ይፈጠራል።

የተሳሳተ ጎረቤት። አንዳንዴ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ አድራሻው የሌላ ተቋም ይሆናል። ብዙ ተቋማት በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ በሚገናኙባቸው የኢንተርኔት ትራፊክ መለዋወጫ ማዕከላት ይህ ሊያጋጥም ይችላል። በዚህ ጊዜ የ2/2 ስህተት ተቋሙን ካልተፈለገ ግንኙነት የጠበቀው የመከላከያ ምልክት ነው።

የማጣራት ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች የተጠቀሱት የመሣሪያ ትዕዛዞች በመሣሪያው ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆን እዚህ የቀረበው ንባባቸው ነው።

ደረጃ 1፦ ሁኔታውን መመልከት። በሲስኮና በመሰል መሣሪያዎች «ሾው አይፒ ቢጂፒ ሰመሪ»፣ በጁኒፐር መሣሪያዎች «ሾው ቢጂፒ ሰመሪ» የሚለው ትዕዛዝ የጎረቤቶችን ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ የተያዘውን የኤኤስ ቁጥርና የግንኙነቱን ሁኔታ ያሳያል።

ደረጃ 2፦ ሎጉን ማንበብና የመልእክቱን አቅጣጫ መለየት። የ2/2 ስህተት በራሱ መሣሪያ ላይ «ተልኳል» ተብሎ ከተመዘገበ ይህ ራውተር ከጎረቤቱ የሰማው ቁጥር እሱ ከያዘው ጋር አልተስማማም ማለት ነው። «ደርሷል» ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ጎረቤቱ ይህ ራውተር ያሳወቀውን ቁጥር አልተቀበለም ማለት ነው። አቅጣጫው የትኞቹ ሁለት ቁጥሮች እንደተጋጩ ያሳያል፤ ከሁለቱ የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም።

ደረጃ 3፦ የሚታየውን ቁጥር መተርጎም። አንዳንድ መሣሪያዎች ያልተስማማውን ቁጥር በ16 መሠረት የቁጥር ሥርዓት ያሳያሉ። ለምሳሌ 00010004 ተብሎ የሚታየው በተለመደው አቆጣጠር 65540 ነው። ሳይተረጎም ከተወሰደ ወደ ሌላ ስህተት ይመራል።

ደረጃ 4፦ ከምዝገባ ሰነድ ጋር ማመሳከር። የራስ ቁጥር ከአፍሪኒክ በተሰጠ ማረጋገጫ፣ የጎረቤት ቁጥር ደግሞ በውሉ ወይም በአገልግሎት ማስጀመሪያ ሰነዱ ላይ በሰፈረው ይረጋገጣል። የተመዘገበ ቁጥር ከሆነ በሁይዝ የመረጃ ቋት የማን እንደሆነ ይታያል። የግል ቁጥር በመረጃ ቋት ስለማይገኝ ብቸኛው ማረጋገጫ የጽሑፍ ስምምነቱ ነው።

ደረጃ 5፦ ከሌላኛው ወገን ጋር አራቱን ቁጥሮች ማነጻጸር። ሁለቱም ወገኖች የራሳቸውን ቁጥር፣ ስለ ጎረቤታቸው የያዙትን ቁጥርና የሁለቱንም ጫፍ የአይፒ አድራሻ በጽሑፍ ይለዋወጣሉ። በስልክ ብቻ የሚነገር ቁጥር በቀላሉ ስለሚሳሳት በኢሜይል ወይም በደብዳቤ መደገፍ አለበት።

ደረጃ 6፦ ማስተካከያውን በአንድ ወገን ብቻ ማድረግ። ሰነዱን የሚቃረነው ቁጥር የሚገኝበት ወገን ያስተካክላል፤ ሌላኛው ምንም ሳይቀይር ይጠብቃል። ከለውጡ በፊት ነባሩ ኮንፊግሬሽን ይቀመጣል። ራውተሩ የሚተዳደረው በዚያው መስመር በኩል ከርቀት ከሆነ፣ ካልተረጋገጠ ወደ ነበረበት የሚመለስ የለውጥ አሠራር መጠቀም ይመረጣል፤ በጁኒፐር መሣሪያዎች «ኮሚት ኮንፈርምድ» የሚባለው ለዚህ ያገለግላል።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ማረጋገጥ። ግንኙነቱ «ኢስታብሊሽድ» መድረሱ፣ የተጠበቁት የአድራሻ ክልሎች መምጣታቸውና የተቋሙ አድራሻዎችም መተላለፋቸው ይታያል። በሲስኮ መሣሪያዎች በሁኔታው ዓምድ ላይ በቃል ፈንታ ቁጥር ከታየ ግንኙነቱ ተመሥርቷል፤ ቁጥሩም የተቀበላቸውን የአድራሻ ክልሎች ብዛት ያመለክታል። ቁጥሩ 0 ከሆነ ሥራው አልተጠናቀቀም። በመጨረሻ ኮንፊግሬሽኑ በቋሚነት መቀመጡ ይረጋገጣል፤ ካልተቀመጠ ኃይል ሲቋረጥ ስህተቱ ይመለሳል።

ማሳሰቢያ፦ የጎረቤትን ቁጥር ማስተካከልና የራስን ቁጥር መቀየር እኩል አይደሉም

በኮንፊግሬሽን ውስጥ የአንድን ጎረቤት ቁጥር ማስተካከል የሚነካው ያንኑ አንድ ግንኙነት ነው። የራስን የኤኤስ ቁጥር መቀየር ግን የራውተሩን የቢጂፒ ግንኙነቶች በሙሉ ያቋርጣል፤ በሌሎች ጎረቤቶች ዘንድም አዲስ አለመጣጣም ይፈጥራል። በመሆኑም አንዱን መስመር ለማስነሳት ሲባል የራስን ቁጥር መቀየር በትክክል የሚሠራውን ሌላ መስመር ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

የሚከተለው ምሳሌ ይህን ያብራራል። አንድ ተቋም በአቅራቢ «ሀ» ሲገለገል 65010 የተባለ የግል ቁጥር ተሰጥቶት ነበር። የአቅራቢው ቁጥር 64496 ነው። ተቋሙ ሁለተኛ አቅራቢ «ለ»ን ለመጨመር 64500 የተባለ የራሱን ቁጥር አስመዝግቦ በራውተሩ ላይ አስገባ። ከአቅራቢ «ለ» ጋር ያለው ግንኙነት ተመሠረተ፤ ከአቅራቢ «ሀ» ጋር ያለው ግን ተቋረጠ። በተቋሙ ሎግ ላይ የ2/2 ስህተት «ደርሷል» ተብሎ ተመዘገበ።

መልእክቱ የደረሰው አቅራቢ «ሀ» አሁንም 65010ን ስለሚጠብቅ ነው። ተቋሙ ወደ 65010 ቢመለስ መስመር «ሀ» ይነሣል፤ መስመር «ለ» ግን ይወድቃል። ትክክለኛው መፍትሔ ተቋሙ የምዝገባ ማረጋገጫውን አቅርቦ አቅራቢ «ሀ» ስለ ተቋሙ የያዘውን ቁጥር ወደ 64500 እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ተቋሙ ሳያሳውቅ ወደ 65010 ቢመለስና አቅራቢውም በዚያው ሰዓት ወደ 64500 ቢያስተካክል አለመጣጣሙ ተገልብጦ ይቀጥላል። አንድ ወገን ብቻ ይለውጥ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አቅራቢው ወዲያውኑ ማስተካከል በማይችልበት ጊዜ ጊዜያዊ መፍትሔ አለ። አብዛኞቹ ራውተሮች ለአንድ ጎረቤት ብቻ የቀድሞውን ቁጥር ለማሳየት የሚያስችል «ሎካል-ኤኤስ» የተባለ አሠራር አላቸው። በዚህ አሠራር ተቋሙ ለአቅራቢ «ሀ» 65010 ሆኖ፣ ለሌሎች ግን 64500 ሆኖ ይታያል። ይህ ለሽግግር ጊዜ እንጂ ለዘለቄታው የሚመከር አይደለም፤ የሚያበቃበት ቀንም በጽሑፍ መያዝ አለበት።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀሩ ችግሮች

ከውስጥ ወደ ውጭ ግንኙነት መለወጥ። ራውተር የጎረቤቱ ቁጥር ከራሱ ጋር እኩል ከሆነ ግንኙነቱን እንደ ውስጥ፣ ከተለየ እንደ ውጭ ይቆጥረዋል። የውጭ ግንኙነት በመደበኛው አሠራር በቀጥታ ለተያያዙ ራውተሮች ብቻ የተፈቀደ ነው። በስህተት የራስ ቁጥር ገብቶ የነበረው ሲታረም ግንኙነቱ በሉፕባክ አድራሻዎች መካከል ከሆነ «ኢቢጂፒ መልቲሆፕ» የተባለው ፈቃድ ካልተጨመረ በስተቀር አሁንም አይመሠረትም።

በቅርንጫፎች ተመሳሳይ ቁጥር መጠቀም። አንድ ድርጅት በአቅራቢው የግል ኔትዎርክ በኩል ለሚያገናኛቸው ቅርንጫፎች ሁሉ አንድ የግል ቁጥር ቢሰጥ ግንኙነቶቹ ይመሠረታሉ፤ ቅርንጫፎቹ ግን አንዱ የሌላውን መንገድ አይቀበሉም። ቢጂፒ የራሱን ቁጥር በመጣለት መንገድ ውስጥ ካየ መንገዱ የዞረ ነው ብሎ ይጥለዋል። መፍትሔው ለየቅርንጫፉ የተለያየ ቁጥር መስጠት ወይም አቅራቢው «ኤኤስ-ኦቨርራይድ» የተባለውን አሠራር እንዲጠቀም መጠየቅ ነው።

የመንገድ አገልጋይ ያለባቸው ማዕከላት። በኢንተርኔት ትራፊክ መለዋወጫ ማዕከላት የሚገኝ የመንገድ አገልጋይ የራሱን ቁጥር በመንገዱ ላይ አይጨምርም። አንዳንድ ራውተሮች የመንገዱ የመጀመሪያ ቁጥር የጎረቤታቸው መሆኑን ስለሚመረምሩ ግንኙነቱ ተመሥርቶ ሳለ መንገዶቹን ይጥላሉ። በዚህ ጊዜ ምርመራው ለዚያ አገልጋይ ብቻ እንዲነሣ ይደረጋል።

ያልታደሰ የአርፒኬአይ ማረጋገጫ። ሮአ የተባለው ዲጂታል ማረጋገጫ አንድን የአድራሻ ክልል የማስተዋወቅ መብት ያለው የኤኤስ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይገልጻል። ተቋሙ ቁጥሩን ቀይሮ ማረጋገጫውን ካላደሰ መንገዱ «ልክ ያልሆነ» ተብሎ በብዙ ኔትዎርኮች ይጣላል። ለአንድ የአድራሻ ክልል ከአንድ በላይ ማረጋገጫ መያዝ ስለሚቻል አዲሱ ከለውጡ በፊት ይዘጋጃል፤ አሮጌው የሚሰረዘው ሽግግሩ ካበቃ በኋላ ነው።

የኤኤስ ቁጥር ምርመራ የጎረቤቱን ማንነት እንጂ ጎረቤቱ የሚያስተላልፈውን መንገድ ትክክለኛነት እንደማያረጋግጥም መገንዘብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም፣ በኤኤስ ቁጥር 17557፣ የዩቲዩብ የሆነውን 208.65.153.0/24 የአድራሻ ክልል የራሱ አስመስሎ ባስተዋወቀ ጊዜ ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍሎች ለሁለት ሰዓት ያህል ተቋርጦ ነበር። በራውተሮቹ መካከል የቁጥር አለመጣጣም አልነበረም፤ የጎደለው የመንገድ ማጣሪያ ነበር። ስለዚህ ግንኙነቱ እንደተመሠረተ የመንገድ ማጣሪያዎች መኖራቸውም መረጋገጥ አለበት።

ለአገልግሎት አቅራቢ ጥያቄ ሲቀርብ መሟላት ያለባቸው መረጃዎች

ጥያቄው ተሟልቶ ሲቀርብ ምላሹ ይፈጥናል። በመሆኑም ተቋማት የሚከተሉትን በጽሑፍ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል፦

1. የውል ወይም የመስመር መለያ ቁጥር፤
2. የሁለቱም ጫፎች የአይፒ አድራሻ፤
3. የተቋሙ የኤኤስ ቁጥርና የምዝገባው ማረጋገጫ፤
4. ተቋሙ ስለ አቅራቢው የያዘው የኤኤስ ቁጥር፤
5. ስህተቱ የተመዘገበበት ቀንና ሰዓት፣ የስህተቱ ኮድና መልእክቱ የተላከ ወይም የደረሰ መሆኑ፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ወይም በዓለም አቀፍ አቆጣጠር መሆኑ ይገለጽ፤
6. ችግሩ ከመፈጠሩ በፊት የተደረገ ለውጥ ካለ መግለጫው፤
7. ለማስተካከያው ሥራ የሚገኝ የቴክኒክ ባለሙያ ስምና አድራሻ።

የይለፍ ቃሎችንና ሙሉ ኮንፊግሬሽንን መላክ አያስፈልግም፤ ለደኅንነትም አይመከርም። አቅራቢው በቂ ምላሽ ካልሰጠ ቅሬታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል። ለአቅራቢው የቀረበው ጥያቄ ቅጂ ከቅሬታው ጋር መያያዝ ይኖርበታል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ግንኙነቱ እንዲመሠረት ማንኛውንም ቁጥር መርጦ ማስገባት ይቻላል?
አይቻልም። በሌላ ተቋም ስም የተመዘገበ ቁጥር መጠቀም የዚያን ተቋም አገልግሎት ሊያውክና የራስን መንገድ በሌሎች ዘንድ ተቀባይነት ሊያሳጣ ይችላል። ያልተመዘገበ ተቋም ከአቅራቢው ጋር ተስማምቶ የግል ቁጥር ይጠቀማል።

ጎረቤቱ ያሳወቀውን ቁጥር ከሎጉ ወስዶ ማስገባት ለምን አይበቃም?
በዚያ አድራሻ ላይ ያለው ራውተር የሚፈለገው ጎረቤት ላይሆን ስለሚችል ነው። ምርመራው የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ ነው፤ ቁጥሩን ያለማረጋገጥ ማስማማት ምርመራውን ትርጉም ያሳጣዋል።

አንድ መስመር ብቻ ያለው ተቋም የራሱ የኤኤስ ቁጥር ያስፈልገዋል?
በአብዛኛው አያስፈልገውም። ቁጥሩ የሚመደበው ከአንድ በላይ ኔትዎርክ ጋር ለሚገናኙ ወይም ከአቅራቢያቸው የተለየ የመንገድ ፖሊሲ ላላቸው ተቋማት ነው።

መጠባበቂያ መስመር በትክክል መሥራቱ በምን ይታወቃል?
የቢጂፒ ሁኔታው «ኢስታብሊሽድ» መሆኑን በየጊዜው በማየትና የሥራ ጫና በሌለበት ሰዓት ዋናውን መስመር ሆን ብሎ በማቋረጥ በመሞከር ይታወቃል። ግንኙነት ሲቋረጥ ለባለሙያው ማስጠንቀቂያ የሚልክ የክትትል ሥርዓት መኖሩም ይመከራል።

ማጠቃለያ

የኤኤስ ቁጥር አለመጣጣም ከቴክኒክ ጉድለት ይልቅ በሁለት ወገኖች መካከል ያለ የመረጃ ክፍተት ውጤት ነው። አራቱን ቁጥሮች በአንድ ሰነድ ላይ ጽፎ በሁለቱም ወገን ማስፈረም፣ ለውጥ ሲኖርም ሰነዱን አስቀድሞ ማደስ ችግሩን ከመከሰቱ በፊት ይከላከላል። የተቋማት ኃላፊዎች አዲስ መስመር ሲረከቡ የመስመሩን መዘርጋት ብቻ ሳይሆን የቢጂፒ ግንኙነቱ መመሥረቱንና የአድራሻ ክልሎች መተላለፋቸውን የሚያሳይ የርክክብ ማስረጃ እንዲቀርብላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።